የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ የቀረው የሰው ፋይል

«ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ያለኝ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ የፎቶኮፒ ማሽን ነው። የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ በሶፍትዌር ምሕንድስና ተመርቆ እኔ ጋ ተቀምጧል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን ከመጣ ጀምሮ ‹አክስቴ፣ ይሄ ዊንዶውስ ክራክ ነው፣ ሳይገዛ በማታለያ የተከፈተ፤ ሊኑክስ ልጫንልሽ። ቴሌግራሙን አጥፊው። ኦፕን ሶርስ ያልሆነ ነገር ስልክሽ ላይ አይኑር› እያለ ሥራ አላሠራኝም። ደንበኞቼ ፋይል የሚልኩልኝ በቴሌግራም ነው። ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህቴ የምትደውልልኝ በቦቲም ነው። ለጠበቆች የምጽፈው ሁሉ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ነው። ደግሞስ እኔ ምን የምደብቀው ነገር አለኝ? ልጁን ማስቀየም አልፈልግም፣ እንጀራዬም እንዲነካ አልፈልግም። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ እህቴ፣

ከደብዳቤዎ መሐል «ምን የምደብቀው ነገር አለኝ» ያሉት ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስለ ራስዎ ከሆነ እውነትዎን ሊሆን ይችላል። እስቲ ግን አሁኑኑ ኮምፒውተርዎ ላይ «ዳውንሎድስ» የሚለውን ፎልደር ይክፈቱና ውስጡ ያለውን «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ይመልከቱ። ደንበኛ ፕሪንት እንዲደረግለት የላከውና እርስዎ የከፈቱት ፋይል እዚያ ተከማችቷል። የፓስፖርት ቅጂ፣ የፋይዳ ካርድ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የፍቺ አቤቱታ፣ የሐኪም ቤት ውጤት፣ የቤት ካርታ ያገኙበታል። ባለቤቱ ሒሳቡን ከፍሎ ወረቀቱን ይዞ ሄዷል፤ ፋይሉ ግን እርስዎ ጋ ቀርቷል። ያስቀምጡልኝ ያለ ሰው የለም። ነገ ሌባ ኮምፒውተሩን ይዞት ቢሄድ፣ ወይም ቀጥሎ የሚመጣው ደንበኛ «ፋይሌን ልፈልግ» ብሎ ማውሱን ቢይዝ፣ የሚታየው የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ገመና ነው።

ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን ከሚያሠራው ከነፃው ሊኑክስም ከሌላውም በፊት እንዲሠሩ የምለምንዎት ሥራ ብር አይጠይቅም፣ አዲስ ነገር መማርም የለበትም። ማታ ሱቁን ከመዝጋትዎ በፊት የዕለቱን የደንበኛ ፋይል ሁሉ ያጥፉ። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርጉት፤ ወይም ከመጀመሪያው ሺፍትና ዴሊትን አንድ ላይ ተጭነው ያጥፉ። ተመላልሶ የሚመጣ ደንበኛ፣ ለምሳሌ ጠበቃ፣ ፋይሉ እንዲቆይለት ከፈለገ ይጠይቁትና በስሙ ለብቻው ያስቀምጡለት። ያልጠየቀው ይጥፋ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1321/2016 ነው፣ የሰው የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ጉዳይ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይላል። አዋጁን የጠቀስኩት ላስፈራራዎት ብዬ አይደለም። የፎቶኮፒ ቤት ሥራ የአደራ ሥራ መሆኑን ሕጉም እንደሚያውቀው እንዲያዩ ነው።

ቴሌግራሙን አጥፊው ያለውን አልደግፍም። ደንበኛው ያለው እዚያ ነው፤ ቢያጠፉት ሰውየው ማዶ ወዳለው ፎቶኮፒ ቤት ይሄዳል እንጂ አፕ አይቀይርም። ልጁ የሚያሳስበው ነገር ግን ከንቱ አይደለም። የቴሌግራም ተራ ቻትና ግሩፕ በመንገድ ላይ ቢመሰጠርም፣ ሰርቨር በሚባለው የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ መፍቻው ያለው በኩባንያው እጅ ነው። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ተደርጎ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሱቅዎ ዊንዶውስ ላይ ባለው ቴሌግራም አይሠራም። እንግዲህ ለዓመታት የተላከልዎት ፓስፖርት ሁሉ በአካውንትዎ ውስጥ እንዳለ አለ ማለት ነው። የሱቁን አካውንት ከግል አካውንትዎ ይለዩት፤ ለሱቁ ሌላ ሲም ቢያወጡ ጥሩ ነው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪውሪቲ ይግቡና «አውቶ ዴሊት»ን በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሳምንት ያድርጉት፤ ይህ የሚሠራው እርስዎ በሚጀምሩት አዲስ ቻት ላይ ስለሆነ፣ ደንበኛው በጀመረው ቻት ላይ ለየብቻ ያብሩት። የሚጠፋው ከሁለታችሁም ወገን ስለሆነ «ፋይሉ እዚህ አይቆይም፣ ኦሪጅናሉን ያዙ» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጥፉ። ይህ የሚያጠፋው ቴሌግራም ውስጥ ያለውን ነው፤ ቅድም ያልኩት ፎልደር ውስጥ የወረደውን አይነካውም፤ የማታው ጽዳት አይቀርልዎትም። እዚያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ያብሩና የይለፍ ቃል ያስገቡበት። አለዚያ በስልክዎ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር አታልሎ የተቀበለዎት ሰው የደንበኞችዎን ሰነድ ሁሉ ይረከባል።

ልጁ ሳያየው ያለፈ የሚመስለኝ፣ እኔ ግን ከቴሌግራሙ የባሰ የምለው አንድ ነገር አለ። ፒዲኤፍ ለማጣመር፣ ለመቁረጥ ወይም ወደ ወርድ ለመቀየር ኢንተርኔት ላይ ገብተው ፋይሉን የሚጭኑባቸው ድረ ገጾች አሉ፤ የጽሕፈት ቤት ሰው ሁሉ ይጠቀምባቸዋል። የደንበኛው ፓስፖርት ወይም የውክልና ሰነድ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ወደማያውቁት ሰርቨር ይላካል። እነሱ «ከጥቂት ሰዓት በኋላ እናጠፋዋለን» ይሉዎታል፤ የሚያረጋግጥልዎት የለም። ኦፕን ሶርስ ለእንጀራዎ ፈጥኖ የሚደርስልዎት እዚህ ላይ ነው። ፒዲኤፍሳም ቤዚክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አሁን ባለዎት ዊንዶውስ ላይ ይጫናል። ማጣመሩን፣ መቁረጡን፣ ገጽ ማዞሩን እዚያው ኮምፒውተርዎ ውስጥ ይሠራል፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፣ ፓኬጅም አይበላም። ለጉርድ ፎቶ ጀርባ መቀየር ደግሞ ጊምፕ አለ፤ እሱን ለመልመድ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኦፕን ሶርስ ሲባል፣ የፕሮግራሙ ኮድ ማንም ሊያየው፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለው በሚችልበት ቦታ የተቀመጠ ማለት ነው። ወፍጮ ቤት እህልዎን ይዘው ሲሄዱ አጠገቡ ቆመው ያስፈጫሉ፤ ከሌላ ሰው ጤፍ እንዳይቀላቀል ዓይንዎ እዚያ ነው። እርስዎ ባይቆሙ እንኳ በሩ ክፍት በሆነ ወፍጮ ቤት ሌላው ያይልዎታል። ኦፕን ሶርስም እንዲሁ ነው፤ የተማሪ ጨዋታ እንዳይመስልዎት። እጅዎ ላይ ያለው አንድሮይድ ስልክ ሥሩ ሊኑክስ ነው። የፋይዳ መታወቂያችን የተገነባው ሕንድ፣ ባንጋሎር ውስጥ ከተጀመረውና ሞሲፕ ከሚባለው ኦፕን ሶርስ ሥርዓት ላይ ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ሪፖርት የሚያስገቡበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ኦፕን ሶርስ ነው።

ለወንድምዎ ልጅ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፤ ኮዱ ክፍት መሆኑ ብቻ ፕሮግራሙን ንጹሕ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዜድ በሚባል፣ በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ውስጥ ባለ መሣሪያ ላይ አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ አብሮ ሠሪ መስሎ አመኔታ ካገኘ በኋላ ስውር በር አስገብቶ ተገኘ። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ከሌላ ኮምፒውተር ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስችል ብሎት ሥሩን ሲፈልግ አገኘው። አደጋው የገባው ከሰው እምነት በኩል ነው፤ የተያዘው ደግሞ ኮዱን ከፍቶ ማየት ስለሚቻል ነው። ሁለቱንም አብሮ ማየት ከተመረቀ መሐንዲስ የሚጠበቅ ይመስለኛል። የቴሌግራም የስልኩ አፕም እኮ ኮዱ ክፍት ነው፤ የሰርቨሩ ግን ዝግ ነው።

ወደ ዊንዶውሱ ልምጣ። እዚህ ላይ ልጁ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገልዎት ሰው ዊንዶውሱን አክቲቬት ለማድረግ በቅድሚያ አንቲቫይረሱን ሳያጠፋ አልቀረም፤ ክራኩ ራሱ ነው አጥፉ የሚለው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ይዞ የገባው ያኔ ነው። በፍላሽ እየተዛመተ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ስንቱን ደንበኛ እንዳስለቀሰ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለጥቂት ጊዜ የሚያራዝም ፕሮግራም ቢኖርም፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ ያለበት አዲስ ኮምፒውተር ይጠይቃል። የእርስዎዎቹ የቆዩ ከሆኑ አያልፉም።

ግን እርስዎ የጽሕፈት ሰው ነዎት፤ በአንድ ሌሊት ሊኑክስ ላይ ቢያስቀምጥዎት በማግስቱ ደንበኛ ፊት ይቸገራሉ። እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ በሁለቱም ዊንዶውሶች ላይ በወርድ ፋንታ ሊብሬኦፊስ፣ ኢንተርኔት ለመክፈት ፋየርፎክስ፣ ዚፕ ፋይል ለመፍታት ሰቨን ዚፕ ይጫኑ፤ ለዘፈኑና ለቪዲዮው ቪኤልሲ ምናልባት ቀድሞም አለዎት፤ እሱም የፈረንሳይ ተማሪዎች የጀመሩት ኦፕን ሶርስ ነው። እጅዎ እነሱን እስኪለምድ ዊንዶውሱ ይቆይ። ሊብሬኦፊስ ሜኑው በአማርኛም ይሆናል፤ የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ በወርድ ፎርማትም ያስቀምጣል። ችግሩ ሠንጠረዥ የበዛበት ወይም የተለየ ፎንት ያለበት ሰነድ ሲከፈት መስመሩ ሊዘበራረቅ ይችላል። ስለዚህ፣ ፎርም የሚሞላለት ሰው ፊት አይሞክሩት፤ በትርፍ ጊዜዎ የቆዩ ሰነዶችን እየከፈቱ ይዩት።

ቀጥሎ ልጁ ከሁለቱ አንደኛውን ኮምፒውተር ብቻ ሊኑክስ ሚንት ወደሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ይለውጠው፤ ደንበኛ የሚቀመጥበትን። ሚንት ሲያንስ 2 ጊጋባይት፣ ለምቾት 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነት ለቆየ ማሽን ቀለል ይላል። ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ ላይ ብቻ አስነስቶ ማየት ይቻላል፤ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ሳይነካ። ልጁ ይህን ሲያደርግ ፕሪንተሩን ሰክቶ አንድ ገጽ ያውጣበት። የኤችፒ ፕሪንተሮች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጭቅጭቅ ይሠራሉ፤ ከካኖን ትንንሽ ሌዘሮች ግን በሊኑክስ የሚያስቸግሩ አሉ። ገጹ ካልወጣ መጫኑ ይቆይ። ከተጫነ ደግሞ «ጌስት ሴሽን» የሚለውን እንዲያበራልዎት ይንገሩት። ደንበኛ በእንግዳነት ይገባል፣ ኢሜይሉን ይከፍታል፣ ፎርሙን ይሞላል፤ ሲወጣ የነካው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። «ኢሜይሌን ሳልዘጋ ሄድኩ» ብሎ የሚደውልልዎት ሰው አይኖርም። በዊንዶውሱ በኩል ይህን በከፊል ለማግኘት ፋየርፎክስ ሲዘጋ ኩኪና ሂስትሪውን እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል።

እርስዎ የሚጽፉበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ እንደያዘ ይቆይ፣ ፓወር ግዕዝ ስላለ። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ሆኖ እንዲታይ በሚያደርገው የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። የጠበቆችዎ ክሶችና ውሎች ስንቶቹ በዚያ እንደተጻፉ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። አዲሱን ግን ከዛሬ ጀምሮ በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ፓወር ግዕዝም ራሱ ዩኒኮድ አለው። ሌላ ከፈለጉ ኪማን የሚባል ኦፕን ሶርስ መጻፊያ አለ፤ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በስልክም ይሠራል፤ «ሰላም» ለማለት በላቲኑ ድምፁን እንደሚጽፉት ነው። ፎንቱ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ቢሆን ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሲታተሙም ያምራሉ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ፤ ቴሰራክት የሚባለው ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም በስካን የገባ የታተመ አማርኛ አንብቦ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ይሳሳታል፣ ፊደል ይለቅማሉ፤ ግን ንጹሕ ስካን ከሆነ አርባ ገጽ እንደገና ከመተየብ ያድንዎታል። ልጁ አክስቱን መርዳት ከፈለገ ይህን ያዘጋጅልዎት።

ስለ እህትዎ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፈቃድ በሌላቸው አፖች በኢንተርኔት መደወልን ይዘጋል፤ የዋትስአፕ ጥሪ የማይሠራላት ለዚህ ነው፣ ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕ ጥሪም ተመሳሳይ ነው። ቦቲም ፈቃድ ያለው ስለሆነ ትደውልልዎታለች። ልጁ «ቪፒኤን ትጠቀም» ካለ እሺ አይበሉት። እዚያ አገር በቪፒኤን ተሸፍኖ ወንጀል መፈጸም ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል፤ ምን ወንጀል ተብሎ እንደሚቆጠር የሚወስነው ደግሞ የእነሱ ሕግ ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት ይህን ዓይነት አደጋ አልመክርም። ጥሪው በቦቲም ይቀጥል። የሥራ ውሏን፣ የፓስፖርቷን ቅጂ፣ የምትልከውን ገንዘብ የሚመለከት ጽሑፍና ፎቶ ግን በሲግናል ተላላኩ። ሲግናል ኮዱ ክፍት ነው፣ የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ በፍርድ ቤት መጥሪያ የአንድ ተጠቃሚ መረጃ እንዲያስረክብ ሲታዘዝ፣ ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሌላው ነገር በእጁ አልነበረም። የሚጠፋ መልእክት የሚለውን በአንድ ሳምንት ቢያደርጉት፣ አሠሪዋ ስልኳን ቢቀበሏት እንኳ የቆየ ነገር አያገኙም። ይህ እርሷን የሚጠቅም ነገር ስለሆነ በራሷ ፈቃድ ትጭነው፤ አትገደድ።

ስልክዎ ላይ አማርኛ የሚጽፉበትን ኪቦርድም ይመልከቱት። አንድሮይድ ኪቦርድ ሲያበሩ «የይለፍ ቃልን ጨምሮ የሚጽፉትን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሁላችንም እሺ ብለን እናልፈዋለን። ከፕሌይ ስቶር ያወረዱት የአማርኛ ኪቦርድ ሠሪው ማን እንደሆነ ካላወቁ፣ ያስቡበት፤ ሁሉን እሱ ላይ ነው የሚጽፉት። ኪማን ወይም ከስልኩ ጋር የመጣው ይሻላል። የስልኩን ብሮውዘር በፋየርፎክስ ቀይረው ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ቢጨምሩበት ማስታወቂያው ይጠፋል፤ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ቁጠባው የሚታይ ነው።

ከልጁ ጋር መጣላት አያስፈልግዎትም፤ ሥራ ይስጡት። «ከሁለቱ ኮምፒውተር አንዱን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ፤ ደንበኛ የሚያሸሽ ነገር እንዳይኖር አድርገህ አስተካክለው፤ የእኔን ግን ሳልጠይቅህ አትንካው» ይበሉት። ቢያጉረመርምም ይቀበላል፤ የተማረውን በእውነተኛ ሱቅ ላይ ለማየት የሚጓጓ ልጅ ነው። ከመጀመሩ በፊት የጠበቆቹን ሰነድ ሁሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ፣ ዲስኩ ተነቅሎ ቤት ይቀመጥ። የሃርድ ዲስኩን ክፍልፋዮች ሲያስተካክል አንድ ጠቅታ ብቻ ተሳስቶ ሰነዱ ያለበትን ቢያጠፋ የሚመልስዎት ይህ ቅጂ ብቻ ነው።

የፕሪንተርዎን ሞዴል ቁጥር ደብዳቤዎ ላይ አልጻፉትም። ከፊቱ ወይም ከኋላው ተለጥፎ ያገኙታል፤ ከሁለቱ ኮምፒውተሮች የራም መጠን ጋር ይጻፉልኝ፤ ለየትኛው ምን እንደሚሻል ቁርጡን እነግርዎታለሁ።